ደቻቱ ሲመጣ ስልካችን ምን ይበለን?

ድሬዳዋ ላይ ጎርፍ ለመምጣት የድሬዳዋን ዝናብ አይጠብቅም። ከዚራ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ እየታየ፣ መጋላ ላይ ነጋዴው ሸራውን ሳይሰበስብ፣ በደቡብ በኩል ደንገጎ ከፍታዎች ላይ የጣለው ዝናብ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ድንገት ይደርሳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ደቻቱ ግን አያሳስቅም። አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ነጋዴ ዕቃ የሚዘረጋበት፣ እግረኛ በአቋራጭ የሚሻገርበት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና፣ በአንድ ሌሊት ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ የሚመጣ ወንዝ ይሆናል። ስለዚህ የዚህች ከተማ ነዋሪ «ዛሬ ይዘንብ ይሆን?» ብሎ ሰማይ ማየቱ ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው በላይኛው አገር የዘነበውን ማን፣ መቼና በምን መንገድ እንደሚነግረው ማወቁ ነው። ይህን የምጽፈው የዚህ ጉዳይ መፍትሔ ግማሹ ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ስላለ፣ ግማሹ ደግሞ ገና ስላልተሠራና ክረምት ደግሞ እኛን ስለማይጠብቅ ነው።

የነገሩ መነሻ የቦታው አቀማመጥ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ከተማ ስትሆን፣ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ እየተጠማዘዘ የሚወጣው ዳገት ደንገጎ ላይ ሲደርስ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ይህ ሁሉ የከፍታ ልዩነት ያለው ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት ውስጥ ነው። ተራራው ድንጋያማ ነው፤ የነበረው ደን ተመናምኗል፤ አፈሩም ተሸርሽሯል። ብርቱ ዝናብ በጣለ ጊዜ ውሃው ወደ መሬት ከመስረግ ይልቅ በየሸለቆው ተጠራቅሞ ቁልቁል ይወርዳል፣ የየሸለቆውም ውሃ ከከተማው በላይ ይገናኛል፣ ከዚያ በኋላ ከዚራንና መጋላን የሚለየው አሸዋ የእርሱ መንገድ ይሆናል። የአደጋው ወቅትም ሁለት ነው፤ አንዱ በመጋቢትና በሚያዝያ የሚመጣው የበልግ ዝናብ፣ ሌላው ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት። ምድር ባቡሩ ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ ከዚህ አሸዋ ግራና ቀኝ አደገች። ሜዳው ለቤት የተመቸ፣ ለገበያም የቀረበ ስለነበረ፣ አቅም ያነሰው ሰው ኑሮውን እየገፋ እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ጎጆውን ቀለሰ።

ከሐምሌ 29 ወደ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በሚያነጋው ሌሊት የሆነውን በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደቻቱ ሰው በተኛበት መጣ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሬሳቸው ሳይገኝ የቀሩ ነበሩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጥተው በመጠለያ ከረሙ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፣ የተፈናቀሉትም ሌላ ቦታ ቤት ተሠርቶላቸዋል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ነገር ግን ግንብ የሚያቆመው የተሠራለትን ያህል ውሃ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲመጣ የሚያድነው ቀድሞ መስማት ብቻ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፉ ተመልሶ የሰው ሕይወት ሲያጠፋ ይህንኑ አየን። በ1998 ሞባይል ስልክ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ነበር፤ ደንገጎ ላይ ዶፍ ሲወርድ ያየ ሰው ደቻቱ ዳር ላለ ዘመዱ የሚደውልበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ይህ ምክንያት የለም። ዛሬ አንድ ሰው ደንገጎ ላይ ቆሞ የሚናገረውን ቃል ሳቢያን፣ ለገሃሬና ገንደ ቆሬ ያለ ሰው በዚያው ቅጽበት ሊሰማው ይችላል። መሣሪያው እያለ ሥርዓቱ ስለሌለ ብቻ ሰው ቢሞት፣ ያ ሞት ከ1998ቱ የበለጠ ያሳፍረናል ብዬ አምናለሁ።

የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ እንደ ማንኛውም የሰፈር ግሩፕ ነው። ውሃ ስንት ቀን እንደጠፋ፣ መብራት የት የት እንደመጣ፣ የባጃጅ ታሪፍ ለምን እንደጨመረ፣ የጠፋ መታወቂያ ማን እጅ እንዳለ፣ ለቅሶ የት እንደሆነ ይነገርበታል። ሰው የሚሰባሰበው በዕለት ጉዳዩ ነው፣ ጎርፍ በመጣ ጊዜም ሰው አስቀድሞ የተሰባሰበበት ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህን ግሩፕ ወሬ ብቻ የሚመላለስበት አድርጎ መናቅ ተገቢ አይመስለኝም። ችግሩ ግን ደመና ባየን ቀን የምንጽፍበት መንገድ ነው፤ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ።

በክረምት ሌሊት ግሩፑ ላይ የሚወጣው መልእክት ብዙውን ጊዜ «አቦ ደቻቱ መጣ፣ ውጡ!» የሚል ነው። ወዲያው «የት ጋ?» የሚል ይከተላል፤ ሌላው «የትናንቱ ነው» ይላል፤ ሌላው «ወንድሜ ደንገጎ ነው፣ ዝናብ የለም አለኝ» ይላል፤ አንዱ ደግሞ ከየት እንደተገኘ የማይታወቅ የጎርፍ ቪዲዮ ይለጥፋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ መልእክት ይከመርና የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ለማግኘት ወደ ላይ እየጎተቱ መፈለግ ያስፈልጋል። እነዚህን መልእክቶች የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ለወገናቸው የሚጨነቁ ናቸው፤ ማንንም ለመውቀስ አላነሣሁትም። ነገር ግን በዚህ ሁኔታ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ልጆቹን አንሥቶ ይውጣ ወይስ ተመልሶ ይተኛ የሚለውን መወሰን አይችልም፤ መወሰን ካልቻለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይተኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ጊዜው ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ መልእክት ከሌላ ቦታ ፎርዋርድ ሲደረግ ከሥሩ የምናየው ሰዓት መልእክቱ ወደ እኛ የተላለፈበት እንጂ መጀመሪያ የተጻፈበት አይደለም። ስለዚህ የትናንት ሌሊት ማስጠንቀቂያ ዛሬ ማታ አዲስ መስሎ ይደርሰናል። የድምፅ መልእክት እንዲያውም የባሰ ነው፤ ሰውየው እየጮኸ «አሁን መጣ!» ሲል «አሁን» የሚለው የትኛው አሁን እንደሆነ ከድምፁ አይታወቅም። በዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን ይጨመራል። አንድ ሰው «በ8 ሰዓት ጎርፉ ደርሷል» ብሎ ቢጽፍ፣ በእኛ አቆጣጠር የሚያነበው ከሌሊቱ ወይም ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ነው ይላል፤ የስልኩን ሰዓት እያየ የሚያነበው ደግሞ ከማታው ወይም ከጠዋቱ 2 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። በመካከላቸው የ6 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ከደንገጎ ወርዶ ከተማ የሚደርስ ጎርፍ ደግሞ 6 ሰዓት አይሰጥም። በሰላሙ ጊዜ ይህ ልዩነት ቀጠሮ ያበላሻል፤ በጎርፍ ጊዜ ግን ሰው ያስበላል።

ስለዚህ በግሩፓችን ላይ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያው መስመር ላይ ራሱ ያየው መሆኑን ወይም ከማን እንደሰማ፣ የቆመበትን ቦታ በስሙ፣ ሰዓቱን «ከሌሊቱ» ወይም «ከምሽቱ» ብሎ ከነቀኑ ይጻፍ። «ሐምሌ 12፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10፣ ደንገጎ መታጠፊያው ላይ ቆሜ አየሁት፤ ዝናቡ ከባድ ነው፤ ፈፋው ሞልቶ እየወረደ ነው» የሚል አንድ መልእክት ከ50 ጩኸት ይበልጣል። ሰዓትና ቦታ የሌለውን መልእክት ማንም ወደ ሌላ ግሩፕ እንዳያስተላልፍ፤ ቪዲዮም የት እንደተቀረጸ ካልታወቀ በዚያ ሌሊት አይለጠፍ። ከዋናው ግሩፕ ጎን ደግሞ ለማስጠንቀቂያ ብቻ የሚያገለግል፣ የሚጽፉበት ጥቂት የታወቁ ሰዎች ብቻ የሆኑ ቻናል ቢከፈት፣ ሰው ዋናውን ግሩፕ ድምፁን አጥፍቶ ይህን ብቻ ክፍት አድርጎ ሊተኛ ይችላል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ሥራ ነው።

«ሕዝብ ማስጠንቀቂያ መናገር የለበትም፤ የተሳሳተ እንደሆነ ድንጋጤ ይፈጥራል፤ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ሐሳባቸውንም አከብራለሁ። በሐሰተኛ ጥሪ ሰው ሌሊት ሕፃን ይዞ ሲሯሯጥ ሊወድቅ ይችላል፤ ደጋግሞ በሐሰት የተጠራ ሰውም በእውነት ሲጠራ አይነሣም። ነገር ግን የዚህ መድኃኒት ዝምታ አይደለም። ሰው ዝም በል ቢባልም መጻፉን አይተውም፤ ከመጻፍ የሚቆጠበው በደንብ መጻፍ የሚችለው ጨዋ ሰው ብቻ ይሆናል። ከዚህም ጋር «ጎርፉ ቀረ» ብሎ መናገርም የማስጠንቀቂያው ክፍል ነው፤ አንድ ጊዜ «ተዘጋጁ» ያለ ሰው ሰዓቱን ጠቅሶ «አልፏል» ሳይል ወይም «ዝናቡ ቆሟል፣ ፈፋው ቀንሷል» ሳይል ስልኩን ዘግቶ ሊተኛ አይገባም። የተጠራለት ጎርፍ ሳይደርስ ቢቀር እንኳ ምን እንደታየና ለምን እንደተጠራ በማግሥቱ በግልጽ ከተነገረ፣ የጠራው ሰው በቀጣዩ ጊዜ ይታመናል።

ቴሌግራም የማይደርስባቸውን ማሰብ ደግሞ ግዴታችን ነው። ደቻቱ ዳር የሚኖሩት አብዛኞቹ ሰዎች የዳታ ጥቅል እየቆጠሩ የሚገዙ ናቸው፤ ሌሊት ዳታ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል ወይም ቻርጅ የለውም። በቁልፍ ስልክ የሚጠቀሙ እናቶችና አባቶች አሉ። አማርኛ የማያነብ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ብቻ የሚሰማ ጎረቤት አለን፤ ድሬዳዋ የምታምረውም ሦስቱም ቋንቋ በአንድ ግቢ ስለሚነገርባት ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በሦስቱም ቋንቋ አስቀድሞ ተቀርጾ የተቀመጠ አጭር ድምፅ ቢኖረው፣ የሚላክበት ጊዜ ሲደርስ የሚፈለገው ሰዓቱንና ቦታውን መጨመር ብቻ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ስልክ የማይቀሰቅሰውን ሰው የሚቀሰቅሰው ሰው ነው። መስጊድ ድምፅ ማጉያ አለው፤ ቤተ ክርስቲያን ደወል አለው፤ ሌሊት የሚሠሩ የባጃጅ ሾፌሮች ጡሩንባ አላቸው፤ የጥበቃ ሠራተኞች ፊሽካ አላቸው። የጎርፍ ጥሪ ከአዛንና ከቅዳሴ ደወል እንዲለይ ምን ዓይነት ድምፅ ይሁን የሚለውን የሰፈር ሽማግሌዎች፣ ኢማሞችና ካህናት አንድ ላይ ተቀምጠው ቢወስኑት፣ ለዘመናት አብሮ የኖረ ሕዝብ የሚያቅተው ነገር አይደለም።

ባንግላዴሽ የሠራችው ሥራ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ አውሎ ነፋስና በባሕር ማዕበል ቢያንስ 300,000 ሰዎች እንደሞቱባት ይገመታል። ከዚያ በኋላ መንግሥትና ቀይ መስቀል በጋራ በጎ ፈቃደኞችን አደራጅተው በየመንደሩ ባንዲራና የእጅ ድምፅ ማጉያ አስያዙ፤ መጠለያዎችም ተገነቡ። ዛሬ በጎ ፈቃደኞቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ ሴቶችም በብዛት ይገኙባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ያንን የሚያህል ብርታት ያላቸው ነፋሳት ቢመጡም የሟቹ ቁጥር እጅግ ቀንሷል። እነዚያ ሰዎች ብዙ ሕይወት ማትረፍ የጀመሩት ዘመናዊ ስልክ ሳይኖር በፊት ነው፤ ማን የማንን በር እንደሚያንኳኳ አስቀድመው ስለወሰኑ ነው።

እስካሁን ያልኩት እኛ ልናደርገው የምንችለውን ነው። እኛ ብቻችንን ልናደርገው የማንችለው፣ ነገር ግን አጥብቀን ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በእንግሊዝኛ «ሴል ብሮድካስት» የሚባለው ነው። ኤስኤምኤስ ከአንድ ቁጥር ወደ አንድ ቁጥር ይሄዳል፤ ለ100,000 ሰው ሲላክ አንድ በአንድ ተራ ይጠብቃል፤ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚደውል መስመሩ ይጨናነቃል። ሴል ብሮድካስት ግን የሚሠራው እንደ ሬዲዮ ነው፤ የተመረጡት የኔትወርክ ምሰሶዎች መልእክቱን ይረጩታል፣ በዚያ አካባቢ በርቶ ያለ ስልክ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ይቀበለዋል። የማንንም ስልክ ቁጥር ማወቅ አያስፈልግም፤ ዳታ አይፈልግም፤ የመስመር መጨናነቅም አያዘገየውም። ስልኩ እንዲቀበል ተደርጎ እስከተዘጋጀ ድረስ ድምፁ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ ልዩ የማንቂያ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ከሁሉ የሚጠቅመው ደግሞ ቦታ መምረጥ መቻሉ ነው፤ መልእክቱ በደቻቱ ግራና ቀኝ ላሉት ሰፈሮች ብቻ ሊላክ ይችላል፤ ጎርፍ የማይነካው ሰፈር ያለ ምክንያት ከእንቅልፉ አይነሣም።

ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ የመጀመሪያ ብትሆን የሚያስደንቅ አይደለም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን ለደንበኞች የከፈተው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በዚሁ በከተማችን ነበር። ዛሬ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት ኔትወርክ አለን፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በሁለቱም በኩል፣ በአንድ ጊዜና በአንድ ዓይነት ቃል መውጣት ይኖርበታል። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ እ.ኤ.አ. በ2022 በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ በአደጋ ቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲጠበቅ ጥሪ አቅርበዋል። ይህ ጥሪ ወደ እኛ ሲመጣ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ገንደ ቆሬ ወይም መጋላ ውስጥ በቁልፍ ስልክ የምትተኛ እናት ጎርፉ በሯ ላይ ከመድረሱ በፊት ስልኳ ሊቀሰቅሳት ይገባል።

ነገር ግን የሚረጨው መልእክት ከየት ይመጣል? አንድ ሰው ወይም አንድ መሣሪያ ላይኛው አገር ላይ አይቶ መናገር አለበት። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ትንበያ «በምሥራቅ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ለማለት ይረዳል፤ ዛሬ ሌሊት የትኛው ፈፋ እንደሞላ ግን ሊነግረን አይችልም። ይህን የሚነግረን ከከተማው በላይ ባሉት ሸለቆዎች ላይ የሚተከል፣ የውሃውን ከፍታ ለክቶ በሲም ካርድ የሚልክ መሣሪያ ነው። ይህ የረቀቀ ነገር አይደለም፤ ባትሪ፣ የፀሐይ ብርሃን ሰብሳቢ፣ የውሃ ከፍታ መለኪያና ስልክ ውስጥ ያለው ዓይነት ሬዲዮ ነው። ከባዱ ሥራ ተክሎ ከመመረቅ በኋላ ያለው ነው፤ ባትሪው የሚቀየርለት፣ ሲሙ የሚሞላለት፣ ከሚንከባለል ድንጋይ የሚጠበቅ፣ በየበልጉ መጀመሪያም የሚሞከር መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው በስም መታወቅ አለበት። ለመሣሪያው ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ለጠባቂው ለሚከፈለው ደመወዝ በጀት መያዙን እኔ በግሌ አብልጬ እጠይቃለሁ።

እዚህ ላይ አንድ አስተዳደራዊ ጉዳይ ይነሣል። ደቻቱ የሚሞላበት ሰማይ ሁሉ በድሬዳዋ አስተዳደር ክልል ውስጥ አይደለም፤ ከላይ ያለው መሬት ከፊሉ የኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ነው። ውሃው ወሰን አያውቅም፤ ጽሕፈት ቤቶች ግን ያውቃሉ። ላይ ያለው ገበሬ ዝናቡን ቢያይ የሚደውልበት ቁጥር የራሱ ወረዳ ነው፤ ከወረዳው ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ድሬዳዋ እስኪደርስ ጎርፉ ከተማውን አልፎ ወርዷል። ስለዚህ ላይኞቹና ታችኞቹ አስተዳደሮች ተስማምተው ሌሊትም የሚነሣ አንድ የጋራ ስልክ ቁጥር ቢያዘጋጁ፣ ከትልልቅ ዕቅዶች ሁሉ የሚቀድም ይመስለኛል። ከገበሬው ሌላ በዚያ መንገድ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፉ ዓይኖች አሉ፤ ጫት ጭነው የሚወርዱ የአይሱዙ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው፣ የሐረር መስመር የሕዝብ ማመላለሻ ሠራተኞች። እነዚህ ሰዎች ዝናቡን ከማንም በፊት ያዩታል፤ ብዙዎቹም ቤታቸው እዚሁ ደቻቱ አጠገብ ነው። ማስጠንቀቂያ ለመስጠት የሚጎድላቸው ለማን እንደሚናገሩ ማወቅ ብቻ ነው።

ሌላው ነገር፣ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ካላወቀ መስማቱ ግማሽ ነው። የእኛ ሰው ጎርፍ መጣ ሲባል ሁለት ነገር ያደርጋል፤ አንዱ ዕቃ ለማዳን ወደ ቤት ይመለሳል፣ ሌላው ለማየት ወደ ድልድይ ይሄዳል። ሁለቱም ይገድላሉ። በተለይ የባጃጅ ሾፌር ወንድሞቼን አጥብቄ የምለምናችሁ፣ «ጉልበት ድረስ ብቻ ነው» ብላችሁ በወንዙ ውስጥ አትሻገሩ። የሚፈስ ውሃ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ትንንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ ባጃጅ ደግሞ ከመኪና በጣም ይቀላል። ከሥሩ የነበረው አሸዋ ተጠርጎ ጉድጓድ ሆኖ እንደሆነም ከላይ አይታይም። በአሸዋው ላይ ዕቃ የሚዘረጉ እናቶችም አሉ፤ ለእነርሱ አንድ ከሰዓት በኋላ ዕቃ ጠቅልሎ መነሣት የዕለት እንጀራ ማጣት ነው። በነዚህ ላይ መጮህ ብቻ አይበቃም፤ በክረምት ወራት ለጊዜው የሚሸጡበት ከፍ ያለ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል።

ስለ ቆሻሻው ብዙ አልልም፤ በወንዙ ውስጥ የምንጥለው ፌስታልና የቤት ፍርስራሽ በየቱቦው አፍ ላይ ተሰብስቦ ውሃውን ወደ ቤቶች እንደሚመልሰው ሁላችንም አይተናል። ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሌላ ነገር አለ፤ ይህ የምንፈራው ወንዝ የምንጠጣውንም ውሃ ይሰጠናል። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶች ከሚያመነጩት ውሃ ከፊሉ በእንደዚህ ዓይነቱ አሸዋ ውስጥ ሰርጎ የገባ ጎርፍ ነው። ስለዚህ ጎርፉ እንዲጠፋ መመኘት አይጠቅመንም። ላይኛው ተራራ በእርከንና በዛፍ ተሸፍኖ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲወርድ ማድረግ ከሁለቱም ወገን ይጠቅማል፤ ይህ ግን የዓመታት ሥራ ነው፤ የዘንድሮውን ክረምት በርሱ ልንሻገር አንችልም።

በሰፈራችን አሁን የምንሠራው የበር ዝርዝር ነው። በየመንገዱ በኩል ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ መራመድ የማይችሉ ሕመምተኞች፣ በቅርብ የወለዱ እናቶች ያሉባቸው ቤቶች እየተመዘገቡ ነው፤ በእያንዳንዱ ቤት አንጻር ደግሞ በሩን የሚያንኳኩ ሁለት ጎረቤቶች ይጻፋሉ፤ አንዱ ሌሊት ሥራ ላይ ቢሆን ሌላው እንዲኖር ነው። ዝርዝሩ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍም፤ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ቤት የት እንደሆነ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ማሳወቅ ሌላ አደጋ ነውና በወረቀት ሆኖ በየመንገዱ ተጠሪዎች እጅ ብቻ ይቀመጣል። ሥራው ገና አላለቀም፤ በተለይ ከድልድዩ ወዲያ ያሉት ቤቶች፣ ተከራይ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርባቸው በመሆኑ፣ ገና ባዶ ናቸው። በዚያ በኩል የምትኖሩ፣ ወይም በደንገጎ መንገድ ሌሊት የምትመላለሱና ያያችሁትን በሰዓቱና በቦታው ለመናገር ፈቃደኛ የሆናችሁ ሁሉ፣ በልግ ሳይገባ ለሰፈራችሁ ግሩፕ አድሚን ስማችሁን ስጡ፤ እኛም ሌሊት ተነሥቶ ስልክ የሚያነሣ ሰው በተራ እንመድባለን።